ሲቲ፣ ኤምአርአይ ወይስ የእጅ ባትሪ? ከአደጋና ከኦፕራሲዮን በኋላ የነርቭ ችግር ሲጠረጠር የቱን ምርመራ እናስቀድም

ሰውየው የባጃጅ ሹፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ሀረጎ ላይ ተገለበጠ። በራሱ እግር እየተራመደ ነው የገባው። ግንባሩ ላይ ሦስት ጣት የሚያህል ቁስል ነበረው፤ ተሰፋለት። "ደህና ነኝ እኮ፣ ልሂድበት" ይላል። አፉ አረቄ ይሸታል። ለማንኛውም ይደር ተባለ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ እህቱ መጣችና "ሲስተር፣ ወንድሜ እንዲህ አያንኮራፋም" አለችኝ።

እኔ ሁለት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ተኝቷል ብዬ ነው ያለፍኩት። ባትሪ ይዤ ሄድኩና የዓይኑን ቆብ ገለጥኩ። የቀኙ ብሌን ከግራው ሰፍቷል። ብርሃን ሲያርፍበት አይጠብም። ስጠራው ዓይኑን አይገልጥም፤ ትከሻውን ቆንጥጬ ስይዘው ግራ እጁ አልተነሳም። ሲቲ ስካኑ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም አሳየ፤ በጎን እንደሚታይ የምስር ፍሬ ወፍራም። በዚያው ሌሊት ተከፈተለት። ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት እጽፋለሁ። የትኛውም ምርመራ ከመታዘዙ በፊት "መቼ ነው የተለወጠው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ለምትመደቡ አዳዲስ ነርሶችና ኢንተርኖች ነው። አስታማሚም ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። የትኛው ምርመራ ይሻላል የሚለው ክርክር በየዎርዱ አለ። እኔ በልምድ ያየሁት፣ ሰዓቱ ከታወቀ ምርጫው ግማሽ መንገድ እንደተሄደ ነው። ነገሩ የጀመረው በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው? በሁለተኛው ቀን? በሦስተኛው ሳምንት? መልሱ ወደተለያየ ምርመራ ይወስዳል።

ከሁሉም በፊት አምስት ደቂቃ

ማንኛውም ሰው ንቃቱ ሲቀንስ፣ ሲቀባጥር ወይም ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ ጣቱ ይወጋ። ስኳር ከ70 በታች ከሆነ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው። ለኦፕራሲዮን ጾሞ የዋለ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ሰፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነቱን ያወከው) የያዘው ሰው ስኳሩ ይወርዳል። የወረደ ስኳር ግማሽ አካልን ሽባ አድርጎ ስትሮክ ሊመስል ይችላል። ሰውየውን ሲቲ ክፍል አድርሶ፣ አስነስቶ፣ መልሶ ከዚያ በኋላ ስኳሩን መለካት ያሳዝናል።

ቀጥሎ ኦክስጅንና የደም ግፊት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። የጤነኛ ሰው ኦክስጅን እንኳ ኮምቦልቻ ካለው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ይህን እወቁት እንጂ ከ90 በታች ያለውን ቁጥር በከፍታው አታሳቡ። የተጎዳ አንጎል የኦክስጅን ማነስንና የግፊት መውረድን አይችልም። ላይኛው ግፊት ከ100 እስከ 110 ባለው እንዳይወርድ መጠበቅ ከየትኛውም ምስል ይቀድማል። ሌላም አለ፦ የራስ ቅል ተዘግቶ ውስጥ የሚፈስ ደም አዋቂን ሰው በደም ማነስ አይጥልም። ግፊቱ የወረደ የጭንቅላት ጉዳተኛ ሆዱ፣ ደረቱ ወይም ዳሌው ውስጥ ይደማ እንደሆነ መታየት አለበት። በተቃራኒው ግፊቱ እየወጣ፣ የልብ ምቱ እየቀነሰ፣ አተነፋፈሱ እየተዛባ ከሄደ አንጎሉ እየተጨነቀ ነው። ያኔ ጊዜ የለም።

"ነቅቷል" እና ጂሲኤስ

ካርድ ላይ "ነቅቷል"፣ "ፈዘዝ ብሏል" ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ችግሩ የአንተ "ፈዘዝ" እና የእኔ "ፈዘዝ" አንድ አለመሆኑ ነው። ንቃትን በቁጥር የሚለካው ጂሲኤስ (የግላስጎው የንቃት መለኪያ) እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ውስጥ በግራሃም ቲስዴልና በብራያን ጄኔት የወጣው ለዚህ ነው። ዓይን እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ እንቅስቃሴ እስከ 6። ዝቅተኛው 3፣ ሙሉው 15። ድምሩን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ለየብቻ ጻፉ። አንዱ ቁጥር ብዙ አይናገርም። ከ15 ወደ 13 መውረዱ ግን ይናገራል፤ የሁለት ነጥብ መውረድ ሐኪም ከእንቅልፉ የሚቀሰቀስበት ነገር ነው።

እዚህ አገር አንድ ወጥመድ አለ። ከከሚሴ የመጡ እናት በአማርኛ ተጠይቀው ዝም ቢሉ ግራ ተጋብተዋል ማለት አይደለም። ኦሮምኛ በሚችል ሰው አስጠይቁ። በባቲ በኩል ከአፋር የመጣውም እንደዚሁ። በማያውቀው ቋንቋ ተጠይቆ የንግግር ነጥቡ የተቀነሰበት ሰው አይቻለሁ። በልጁ በኩል ሲጠየቅ ግን የግመሎቹን ቁጥር ሳይሳሳት ነገረን።

አረቄ የጠጣ ሰውም ያው ነው። ጠጥቷል ማለት አልተመታም ማለት አይደለም። ስካር እየቆየ ይቀላል። እየቆየ የሚከብድ ከሆነ ስካር አይደለም።

ጭንቅላት ሲመታ፦ መጠበቅ፣ ራጅ ወይስ ሲቲ?

ራጅ ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ቤተሰብም ይጠይቀዋል። ለራስ ቅል ግን ብዙም አልመርጠውም። ስብራት ሊያሳይ ይችላል፤ አንጎልን አያሳይም። ራጁ ንጹሕ ሆኖ ውስጡ ደም ሊኖር ይችላል። "ራጅ ተነስቶ ምንም የለም ተብሏል" የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አዘናግቷል።

እውነተኛው ምርጫ በሲቲና በክትትል መካከል ነው። ሲቲ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ትኩስ ደምንና ስብራትን አጥርቶ ያሳያል። ጨረሩ ወደ 2 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፤ ለአዋቂ በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚያስፈራ መጠን አይደለም። ዋጋው ግን ቤተሰብን ይጎዳል። ከኮምቦልቻ የመጣ ከሆነ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት አለ።

ጂሲኤሱ ከ13 እስከ 15 የሆነውን ቀላል ጉዳት ለመለየት እኔ የምወደው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን የካናዳውን የጭንቅላት ሲቲ ሕግ ነው። ለአፍታ ራሱን የሳተ፣ ያላስታወሰ ወይም የተምታታበት አዋቂ ላይ ነው የሚሠራው። ከአደጋው ሁለት ሰዓት በኋላ ጂሲኤሱ 15 ካልሞላ፣ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ካስታወከ፣ ዕድሜው 65 ከደረሰ፣ የራስ ቅሉ ክፍት ወይም የገባ ስብራት ያለው ከመሰለ፣ ወይም የቅሉ መሠረት የተሰበረበት ምልክት ካለ ሲቲ ይነሳ። የመጨረሻው ምልክት እንዲህ ነው፦ የሁለቱም ዓይኖች ዙሪያ ይጠቁራል፣ ከጆሮ ጀርባ ይበልዛል፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ቀጭን ፈሳሽ ይወርዳል። ከአደጋው በፊት የነበረውን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የማያስታውስ፣ ወይም መኪና የገጨው እግረኛና ከመኪና የተወረወረ ሰውም እዚህ ውስጥ ይገባል። ሕጉ የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ፣ ከአደጋው በኋላ ለተንቀጠቀጠ፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልተሠራም። ለእነሱ ገደቡን ዝቅ አድርጉ። ሕፃናት የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ምልክቱ የሌለበትን ሰው መከታተል ጥሩ ምርጫ ነው። ክትትል ሲባል ግን አልጋ ሰጥቶ መተው አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ ጂሲኤስ፣ ብሌን፣ የአራቱ እጅና እግር ጉልበት ይታያል። ጂሲኤሱ 15 ከሞላ በኋላ ለሁለት ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ለአራት ሰዓት በየሰዓቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ። ይህን የሚያደርግ ሰው ለሌሊቱ ከሌለ፣ ሲቲው ርካሽ ነው። ያ የባጃጅ ሹፌር ላይ ያጎደልነው ሲቲውን አልነበረም፤ የየግማሽ ሰዓቱን ማየት ነበር።

ስለ ብሌን አንድ ነገር ልጨምር። ዓይኑ ራሱ ከተመታ ብሌኑ ከአንጎል ጋር ሳይገናኝ ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ሲገባ የነበረውን መጠን ጻፉ። የነቃና የሚያወራ ሰው አንድ ብሌኑ ቢሰፋ ዓይኑን እዩ። ንቃቱ እየወረደ ብሌኑ ከሰፋ ግን መሮጥ ነው።

አንዳንድ ቦታ አልትራሳውንድ በዓይን ላይ አድርጎ የዓይን ነርቭን ሽፋን መለካት ተጀምሯል። ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ የአንጎል ግፊት መጨመሩን ይጠቁማል። ሲቲ በማይደረስበት ቦታ ለማጣደፍ ይረዳል። መደበኛ ሆነ ብሎ ሰው ወደ ቤት ለመላክ አልጠቀምበትም።

ሲቲ ወይስ ኤምአርአይ?

ብዙ ቤተሰብ ኤምአርአይ የሲቲ ታላቅ ወንድም ይመስለዋል። "ትልቁን ይነሳልን" ይላሉ። ሲቲ በጨረር፣ ኤምአርአይ በማግኔት ነው የሚነሳው፤ ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ነው የሚመልሱት።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሲቲ ናቸው። ደም አለ? አንጎሉን ገፍቶታል? ይከፈት? ኤምአርአይ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሰውየው ጠባብ ቦታ ውስጥ ብቻውን ይሆናል፤ ብትፈልጉት በቀላሉ አትደርሱበትም። የሚንቀሳቀስ ሰው ምስሉን ያበላሸዋል። ስለዚህ እየወረደ ያለን ሰው እዚያ አላስገባም።

ኤምአርአይ የሚያሸንፍባቸው ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ኅብለ ሰረሰር ነው፤ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ሲቲው ንጹሕ ሆኖ ሰውየው የማይነቃበት ጊዜ ነው። የአንጎል ክሮች ተጎትተው ሲበጠሱ ሲቲ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ሦስተኛው ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣ ስትሮክ ነው። አብዛኛው በደም መቋረጥ የሚመጣ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲው መደበኛ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ የሲቲ ሥራ ደም አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ፊቱ የተጣመመ፣ እጁ የወደቀ ሰው ሲቲው ንጹሕ ስለሆነ ስትሮክ የለውም አይባልም።

እኛ አካባቢ ደግሞ መረሳት የሌለበት ነገር አለ። በ2014ቱ ጦርነት የቆሰሉ ብዙ ሰዎች ሰውነታቸው ውስጥ ፍንጣሪ ይዘው ይኖራሉ። ማግኔት የሚስበው ብረት ዓይን ወይም ኅብለ ሰረሰር አጠገብ ካለ ኤምአርአይ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። "ብረት አለብህ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። "ቆስለህ ታውቃለህ? የት?" በሉ፤ አጠራጣሪ ከሆነ ራጅ ይቅደም። ራጅ እዚህ ላይ ነው ወርቅ የሚሆነው።

ኦፕራሲዮን በተደረገ በሦስተኛው ሌሊት

ከወረባቦ የመጡ አባት ነበሩ፤ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ተጠገነ። ሁለት ቀን ደህና ነበሩ። በሦስተኛው ሌሊት ጉሉኮሱን ነቅለው "ለሱብሂ ልነሳ፣ በሩን ክፈቱልኝ" ይላሉ። ግድግዳው ላይ ሰው ያያሉ። ልጃቸው አለቀሰ፤ "አባቴ ቀልቡን ሳተ" አለ። ሲቲ ይነሳ ተባለ። ብር ለመፈለግ ስልክ መደወል ጀመረ።

እኔ ሆዳቸውን ነካሁት። ከእምብርት በታች እንደ ድስት ክዳን ጠንክሯል። የሽንት ቱቦው ጠዋት ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልሸኑም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ቱቦ ስናስገባ የሽንት ከረጢቱ ሊሞላ ደረሰ። ሶዲየማቸውም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ያ በቀጣዩ ቀን ተስተካከለ። ለሱብሂ አዛን ሲል ተስቢሃቸውን ጠየቁን።

በዕድሜ የገፋ ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ ድንገት ሲቀባጥር አብዛኛውን ጊዜ አንጎሉ ላይ አዲስ ነገር አልበቀለም። ድንብርብሩ ከሌላ ቦታ ነው የሚነሳው፦ ሽንት መዘጋት፣ ኢንፌክሽን፣ ኦክስጅን፣ ሶዲየም፣ ያልታከመ ሕመም፣ መድኃኒት፣ እንቅልፍ ማጣት። ሶዲየም ከ125 ሲወርድ መቀባጠርና መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል፤ ለቀናት የሚንጠባጠበው ጉሉኮስ አንዱ ምክንያት ነው። ለብዙ ቀን ሲያስታውክ የቆየና ያልበላ ሰው ላይ ደግሞ የቲያሚን (የቫይታሚን ቢ1) እጥረትን አስቡ። ጉሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቲያሚን ይሰጥ። ዘወትር የሚጠጣ ሰው አልኮል ካቆመ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ቤተሰቡን በዝግታ፣ ሳታሳፍሩ ጠይቁ።

ስለዚህ እዚህ ላይ ከሲቲ በፊት የማስቀድመው የአልጋ ዳር ምርመራ፣ ስኳር፣ ሶዲየም፣ ኦክስጅንና ሽንት ነው። ሲቲን የማስቀድመው መቼ ነው? አንድ ጎን ከደከመ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ተመትቶ ከነበረ፣ የደም ማቅጠኛ እየወሰደ ከሆነ፣ ወይም ንቃቱ ወጣ ገባ ማለቱን ትቶ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየወረደ ከሄደ።

ድንብርብርን ለመለካት ፎርኤቲ የሚባል አጭር መለኪያ አለ። ከ12 የሚያዝ ነው፤ 4ና ከዚያ በላይ ከሆነ ድንብርብር ይጠረጠራል። ዕድሜ፣ የልደት ቀን፣ ያለበትን ቦታ፣ ዓመተ ምሕረቱን ይጠይቃል፤ ወራትን ወደ ኋላ ያስቆጥራል። እንግዲህ የልደት ቀናቸውን ተጠይቀው የማያውቁ አባት ደንብረዋል ይባላል? ጤነኛ ሆነውም አያውቁትም። እኔ ልጃቸውን "ከመታመማቸው በፊት ይህን ያውቁት ነበር?" ብዬ እጠይቃለሁ። ወራቱን ከነሐሴ ወደ ኋላ መቁጠር ከከበዳቸው የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ አስቆጥራለሁ። ውጤቱን ቁጥር አድርጌ አልጽፈውም፤ ትኩረት መያዝ መቻላቸውን ግን ያሳየኛል። ከሁሉም የሚበልጠው የልጃቸው ቃል ነው፦ "ትናንት እንዲህ አልነበረም።"

እዚሁ ላይ ወጣቱን ሰው አንርሳው። የጭን ወይም የቅልጥም አጥንቱ የተሰበረ ልጅ፣ ጭንቅላቱ ያልተመታ፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መተንፈስ ከከበደውና ከተምታታ የስብ እምቦሊዝም (ከተሰበረው አጥንት የወጣ ስብ በደም ሄዶ ሥር መዝጋቱ) ይጠረጠራል። ብብቱን፣ አንገቱን፣ የዓይኑን ሽፋን እዩ፤ ጥቃቅን ቀይ ነጥቦች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁሉም ላይ አይታዩም። ሲቲው ብዙ ጊዜ መደበኛ ነው። ሲቲ ደጋግሞ ከማንሳት ኦክስጅኑን መለካትና መስጠት ይቀድማል። የሰውየውን ሁኔታ የሚያስረዳ ምስል ካስፈለገና መቆየት ከቻለ ኤምአርአይ ነው።

"እግሬ አልመጣም"

በወገብ ማደንዘዣ የተሠራ ሰው እግሩ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ምርጫው መጠበቅ ወይም አስቸኳይ የጀርባ ኤምአርአይ ነው። አራት ሰዓት አልፎ እግሯን ከፍራሽ ማንሳት ያልቻለች እናት አትጠበቅም። ተመልሶ የነበረ እግር እንደገና ከደነዘዘ ደግሞ ሰዓቱም አይቆጠርም። ጀርባው ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ኅብለ ሰረሰሩን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ከጀመረ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሳያልፍ ካልተከፈተ የመመለስ ተስፋው ይመነምናል። ሲቲ ሊያመልጠው ይችላል፤ ኤምአርአይ ነው የሚያስፈልገው። "ማደንዘዣው በርትቶባት ነው፣ ጠዋት ይለቃታል" ተብሎ መታደር የለበትም።

ከአደጋ በኋላም አንገትና ጀርባ እንዲሁ ናቸው። ሙሉ ንቃት ያለው፣ ያልጠጣ፣ የአንገቱ አጥንት ሲነካ የማያመው፣ ድካምም መደንዘዝም የሌለበት፣ ትኩረቱን የሚስብ ሌላ ከባድ ጉዳት የሌለበት ሰው ምስል ላያስፈልገው ይችላል። አንዱ ከጎደለ ሲቲ ከራጅ ይሻላል። ራጅ ብቻ ካለ ሰባተኛው የአንገት አጥንት ከመጀመሪያው የደረት አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ መታየቱን አረጋግጡ፤ ትከሻ ይሸፍነዋል፣ ስብራትም እዚያ ይደበቃል። እግር ወይም እጅ ከደከመ ኤምአርአይ። ግፊቱ ወርዶ ልብ ምቱ የዘገየ፣ ቆዳው የሞቀ ሰው ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ደም የሚፈስበት ቦታ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ይህን ስም አትስጡት።

ጄሶ፣ ወጌሻና የደነዘዘ እግር

ወሎ ውስጥ የተሰበረ አጥንት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ቀርከሃው ጠብቆ ከታሰረ፣ ወይም የእኛው ጄሶ ከጠበቀ፣ ሰውየው "ደነዘዘኝ፣ ይነድደኛል" ይላል። ነርቭ ተጎድቷል ወይስ ጡንቻው በግፊት እየታፈነ ነው?

ይህ ጥያቄ በምስል አይመለስም። የእግሩን ጣት በቀስታ ወደ ላይ ሳቡ። ከስብራቱ ጋር የማይመጣጠን፣ የሚያስጮህ ሕመም ከመጣ ጡንቻው እየታፈነ ነው። የደም ሥሩ ምት መኖሩ አያጽናናችሁ፤ ምት የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው። ማሰሪያው እስከ ቆዳ ይቀደድ፣ ቀዶ ሐኪም ይጠራ። ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ጡንቻው ላይመለስ ይችላል። የግፊት መለኪያ ካለ ጥሩ፤ በታችኛው የደም ግፊትና በጡንቻው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ከ30 በታች ከሆነ ይከፈታል። መለኪያ የለም ብሎ መጠበቅ ግን ስህተት ነው።

ሕመሙ እንዲህ ሳይሆን የእጅ አንጓ ብቻ ከወደቀ ነርቭ ነው። የላይኛው ክንድ አጥንት ሲሰበር አንጓን የሚያነሳው ነርቭ ይጎዳል። ከጉልበት በታች በጎን በኩል ጄሶ ከጫነ እግር ይወድቃል። "የነርቭ ምርመራ ይታዘዝልን" የሚሉ አሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚደረግ ኢኤምጂ (የጡንቻን ኤሌክትሪክ የሚለካው የነርቭ ምርመራ) ብዙም አይረዳም፤ ለውጡ ጎልቶ የሚወጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ብሩን እስከዚያ ያስቀምጡ፤ አሁን የሚያስፈልገው የሚጫነውን ነገር ማንሳት፣ አንጓውን መደገፍና ጉልበቱን በየሳምንቱ መዝግቦ ማየት ነው።

ራስ ምታት

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን "ጭንቅላቴ ተሰነጠቀ" ስትል አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ስትተኚ ይሻልሻል? ስትቀመጥ የሚብስ፣ ስትተኛ የሚለቅ ራስ ምታት በአምስት ቀን ውስጥ ከመጣ ከወገብ ማደንዘዣው መርፌ ነው። ሲቲ አያስፈልጋትም። ግን የደም ግፊቷን ሳትለኩ እንዳትሄዱ። ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ) ከወሊድ በኋላም ይመጣል። ራስ ምታቱ አኳኋኑን ትቶ ተኝታም ተቀምጣም አንድ ከሆነ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ዓይኗ ከፈዘዘ ወይም አንድ እጇ ከደከመ የአንጎል ደም መልስ ሥር ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ተራ ሲቲ ሊያመልጠው ስለሚችል የደም ሥር ምስል ጨምራችሁ ጠይቁ።

ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ከመጣ የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ ነው የሚበልጠው። ንቃቱ ከወረደ፣ አንድ ጎን ከደከመ ወይም ከተንቀጠቀጠ ግን ሲቲ ይቅደም፤ አንጎሉ የተገፋን ሰው ጀርባ መውጋት ይገድላል። ሲቲ እስኪነሳ ፀረ ተሕዋስያኑ አይቆይ።

ጭንቅላት ከተመታ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ቀስ እያለ የመጣ ራስ ምታት፣ መርሳት፣ እግር መጎተት ያለባቸውን አዛውንት "የእርጅና ነው" አትበሉ። "ወድቀው ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ትንሽ መንሸራተት ይበቃል። ሲቲው እንደ አዲስ ጨረቃ የተጠማዘዘ ደም ያሳያል። በመጀመሪያና በሦስተኛው ሳምንት መካከል ግን ደሙ ከአንጎሉ ጋር ተመሳሳይ ቀለም ይይዛል፤ ለሚያነበው ሰው የአደጋውን ቀን ካልነገራችሁት ሊያልፈው ይችላል።

መንጋጋው የተያዘ፣ ጀርባው የሚለጠጥ፣ ንቃቱ ግን ሙሉ የሆነ ቁስለኛ ምንም ምስል አይፈልግም። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) በዓይንና በእጅ ነው የሚታወቀው፤ ብዙውን ጊዜ ከቁስሉ በ3 እና በ21 ቀናት መካከል ይመጣል። እግር ላይ የድሮ የሚስማር ቁስል ፈልጉ።

እዚሁ ይቆይ ወይስ ይላክ?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መላክ አንድ ነገር ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥርማ በርን አቋርጦ የሚወርድ የስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ መንገድ። ብሌኑ የሰፋ ሰው ለተሻለ ምስል ተብሎ ይህን መንገድ አይሄድም። ቅርብ ያለው የሚከፍት እጅ ይቀድማል። ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ ደውሉ፦ ማሽኑ ዛሬ ይሠራል? የሚያነብ አለ? የሚከፍት አለ? ሦስተኛው መልስ "የለም" ከሆነ እዚያ መሄዱ ጊዜ ማባከን ነው።

ጂሲኤሱ 8ና ከዚያ በታች የሆነ ሰው የመተንፈሻ መንገዱ እንዳይዘጋ ሳይደረግ አምቡላንስ ላይ አይጫን። አንገቱ ይደገፍ፣ ራስጌው ሠላሳ ዲግሪ ያህል ከፍ ይበል፤ ጀርባው ተጠርጥሮ ከሆነ ሳይታጠፍ አልጋው በሙሉ ይዘንበል።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ "የጭንቅላት ጉዳት፣ ለተሻለ ምርመራ" ብቻ ተጽፎ የሚመጣ ብዙ ነው። ያ የባጃጅ ሹፌር በየሰዓቱ ታይቶ የሚላክ ቢሆን እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ "ከሌሊቱ 3፡00 አደጋ። 3፡40 ዓይን 4፣ ንግግር 5፣ እንቅስቃሴ 6፣ ብሌን እኩል። 5፡30 ዓይን 3፣ ንግግር 4፣ እንቅስቃሴ 6። 6፡00 ዓይን 2፣ ንግግር 2፣ እንቅስቃሴ 5፤ ቀኝ ብሌን ሰፊ፣ ግራ እጅ ደካማ። ስኳር 104። የተሰጠ ማደንዘዣ የለም።" ከታች የእህቱን ስልክ እጨምራለሁ፤ መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት።